ክቡን አዳራሽ ፍለጋ ወደ ሶዶ

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ወላይታ ሶዶ ድረስ የሄድኩት አንድ የእድር ቤት ለማየት ነው ስል የማይስቅብኝ ሰው የለም። «ለሠርግ ነው ወይስ ለለቅሶ?» ይሉኛል። ለሁለቱም አልነበረም። ነገሩ እንዲህ ነው።

የሰፈራችን የሴቶች እድር ስንት ዘመን በድንኳንና በሰው ሳሎን ሲሰበሰብ ኖሮ በመጨረሻ ቀበሌው ቁራጭ መሬት ሰጠው። በሦስት ወር ውስጥ ንድፍ ካላቀረብን ግን ቦታው ይመለሳል ተባልን። ይህን የሰማው የወንዶቹ እድር «ለምን ትደክማላችሁ? ከአዳራሻችን በስተጀርባ ያለችውን ክፍል ውሰዱ» አለን። ያቺ ክፍል ድስትና በርሜል የሚከመርባት ናት፤ መስኮት እንኳ የላትም። እኔ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ንድፍ አስተምራለሁና አንገቴን ቢቆርጡኝ እሺ አልልም ነበር። የእድራችን ዳኛ እትዬ ዘነበች ግን ልባቸው ወደ ክፍሏ አድልቷል። «ልጄ፣ ከወንዶቹ ጋር ከምንጋጭ የሰጡንን መቀበል ይሻላል» ይሉኛል። ስድሳ ያለፋቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት እድሩን የመሩ፣ ሴቶቹን በአንድ ቃል ጸጥ የሚያሰኙ ሴት ናቸው፤ ወንዶች ባሉበት ስብሰባ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ።

በዚህ መሀል አብራኝ የተማረችው አስቴር ከሶዶ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። «የኛን እድር አዳራሽ ሳታዪ እርሳስ እንዳታነሺ» ይላል። ደብዳቤውን ለእትዬ ዘነበች አነበብኩላቸው። «እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ከአዲስ አበባ አልፈው አያውቁም።

ረቡዕ ንጋት ላይ ተነሳን። ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ አጥንት ሰብሮ የሚገባ ብርድ ነበራት። እትዬ ዘነበች ሁለት ጋቢ ደርበው፣ ዳቦና በሶ በዘንቢል ይዘው መጡ። እኔ ሜትሬን፣ ቱምቢዬንና ትልቅ የንድፍ ወረቀት ጥቅል ይዣለሁ። አዲስ አበባ ገብተን የነገውን ቲኬት ስንቆርጥ ቀኑ አለቀ፤ የእህታቸው ልጅ ዘንድ አደርን።

ሐሙስ በቡታጅራ በኩል ወረድን። ወንበሬ ላይ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። እኛ አገር ሜዳው ገብስ፣ ዳገቱ ባሕር ዛፍ፣ አጥሩ ድንጋይ ነው። እዚህ ግን አረንጓዴው ከአጥር አልፎ ቤቱን ሁሉ ውጦታል። እትዬ ዘነበች በመስኮት እያዩ «ይሄ ሁሉ ሙዝ ማን ይበላዋል?» አሉ። አጠገባችን የተቀመጠች አማረች የምትባል ነርስ ሳቀች።

«ሙዝ አይደለም እማማ፣ እንሰት ነው። እኛ ፍሬውን አንበላም፤ ግንዱንና ሥሩን ነው።»

«ግንዱን!» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «እኛ ግንድ እንፈልጣለን፣ እነሱ ይበሉታል» አሉኝ። አማረች ሰምታ ይበልጥ ሳቀች።

ከሆሳዕና ወዲያ መንገዱ ጠጠር ሆነ። አረካ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን ከበታችን አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ፤ አውቶቡሱም ወደ አንድ ጎን ተኛ። ባሌስትራ ተሰብሯል። ሾፌሩ ወርዶ አየና «ዛሬ አይሆንም» አለ። ዕቃ ሲወርድ ደግሞ የኔ ጉድ ታየ። ጣሪያው ላይ ከወረቀቴ አጠገብ የአንዷ ነጋዴ የቅቤ ቅል ተጭኖ ኖሮ፣ ፀሐይ አቅልጦት ጥቅሉን እስከ መሀሉ አጥቦታል። ነጋዴዋ ስለ ቅቤዋ አለቀሰች፣ እኔ ስለ ወረቀቴ። እትዬ ዘነበች ሁለታችንንም እየተመለከቱ «እስቲ ማን ማንን ያጽናና?» አሉ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

አማረች የምትሠራው አረካ ስለሆነ «የት ታድራላችሁ? እኔ ቤት ነው እንጂ» አለች። ዘንቢሉን ከእትዬ ዘነበች እጅ ቀምታ ወደ ከተማው በእግር መራችን። አማቷ አማርኛ አትችልም። «ሳሮ፣ ሳሮ» እያለች በቋንቋዋ ሰላምታ ሰጥታ እጃችንን በሁለት እጇ ይዛ አስገባችን፣ እግራችንን በሞቀ ውሃ አጠበች፣ የገዛ አልጋዋን ለእትዬ ዘነበች አነጠፈች። እትዬ ዘነበች አሻፈረኝ አሉ። እሷ በወላይትኛ፣ እሳቸው በአማርኛ፣ አንዳቸው የሌላዋን ቋንቋ ሳይሰሙ ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሁለቱ አሮጊቶች አንድ አልጋ ላይ ተኙ።

ዓርብ ጠዋት በሚኒባስ ሶዶ ገባን። ከተማዋ ዳሞታ ተራራ ሥር ተዘርግታለች፤ አፈሩ ቀይ፣ አየሩ ለስላሳ ነው። እትዬ ዘነበች አንደኛውን ጋቢ አወለቁ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን። አስቴር ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ላይ ጠበቀችን። በዚያን ጊዜ ባጃጅ ገና ብርቅ ነበረና ሦስታችን ተጨናንቀን ተሳፈርን፤ እትዬ ዘነበች መታጠፊያ ላይ ሁሉ የሾፌሩን ትከሻ ይይዛሉ።

አስቴር ጴንጤ ናት፤ ዓርብ አትጾምም። ግን እትዬ ዘነበች ይጾማሉ ብላ ቅቤ ያልነካው ድስት ከጎረቤት ተውሳ፣ የተቀቀለ ጎዳሬ ከዳታ ጋር አቀረበች። ዳታ የወላይታ በርበሬ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ከቅመም ጋር ይፈጫል። እትዬ ዘነበች እንደ ሽሮ ጠቅልለው ጎረሱት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አይ ልጄ» አሉ ሲረጋጉ፣ «ለዚህስ ጋቢ አያስፈልግም ነበር።»

ከምሳ በኋላ ወደ አዳራሹ ሄድን።

እንዴት ልንገራችሁ! ከሩቅ ስታዩት የቆርቆሮ ቆብ የደፋ ትልቅ ጎጆ ነው። ስትገቡ ግን ትንፋሽ ያጥራል። ስፋቱን ስለካው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሥራ አራት ሜትር ሆነ፤ መሀሉ ላይ አንድ ወጥ የዝግባ ምሰሶ ቆሟል፤ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። ወጋግራዎቹ ከግድግዳው ተነስተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ወደ ምሰሶው ይሰበሰባሉ። ከቆርቆሮው በታች በቀርከሃ የተጠለፈ ኮርኒስ አለ። የግድግዳውን ዙሪያ ተከትሎ የጭቃ መደብ ተሠርቷል፤ ከፊቱ አግዳሚ ወንበሮች ሌላ ክብ ሠርተዋል። መድረክ የለም። የዳኛ ጠረጴዛ የለም። በሮቹ ሁለት ናቸው፣ ፊት ለፊት ይተያያሉ። የመንገዱ በር በጣም ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቃሬዛ ሳያጋድል እንዲወጣበት ተብሎ ነው። የጓሮው በር ወደ ድስቱና ወደ ድንኳኑ መጋዘን ያወጣል።

የሠሩት አናጺ አቶ ዳልኬ በር ላይ ተቀበሉን። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴቱን አይለይም።

«እማማ፣ ግባ፣ ግባ! ቤቷ ያንተ ነው» አሏቸው እትዬ ዘነበችን። እትዬ ዘነበች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸሸጉ።

«ለምን ክብ አደረጉት?» አልኳቸው።

«አባቶቻችን ዱቡሻ ላይ፣ አደባባይ ላይ፣ ዛፍ ሥር ክብ ሆኖ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ዛፉን ቤት ውስጥ አስገባሁት።» ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «የሚናገር ሰው እዚህ ይመጣል። እጁ ምሰሶ ላይ ካለ ማንም አያቋርጠውም። ሲጨርስ እጁን ያነሳል።»

አስቴር ሄዳ ምሰሶውን ያዘችና በዝግታ «እትዬ ዘነበች፣ ይሰማዎታል?» አለች። እኛ ግድግዳው ጥግ ነበርን። ጆሯችን ሥር የተናገረች ያህል ጥርት ብሎ መጣ። ተቀያየርን፣ ተሯሯጥን፣ በየአቅጣጫው ሞከርን፤ ሦስት ትልልቅ ሴቶች እንደ ተማሪ ስንጮህ አቶ ዳልኬ ደስ እያላቸው ያዩናል።

ደስታዬን የቀነሰው ቀጥሎ ያሉት ነገር ነው። «ሎኦ፣ ጥሩ ነው፤ በደንብ እይ። እሑድ ስብሰባ አለ። ቤቷን ሊያፈርሱት ነው።»

ቅዳሜን ሙሉ የዚህን ነገር መሠረት ስፈልግ ዋልኩ። የእድሩ ጸሐፊ ታምራት የሚባል የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ወጣትና ጨዋ። ራሱ መጥቶ አስረዳኝ።

«መምህርት፣ እኔ ቤቱን ጠልቼ አይደለም። ምሰሶውን ምስጥ በልቶታል። አንድ ቀን በለቅሶተኛ ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? በብሎኬት፣ ባለ መድረክ፣ ባለ አራት ማዕዘን አዳራሽ ብንሠራ ግን ለሠርግም ይከራያል።»

ትክክል ነው፤ ምን እላለሁ? በእርሳስ ጫፍ የምሰሶውን እግር ወጋሁት፤ እርሳሱ እንደ ዳቦ ሰንጥቆት ገባ። አቶ ዳልኬ ፊታቸውን አዞሩ። ግን ዝም ብዬ መሄድ አልቻልኩም። ቢላ አስመጥቼ ከታች ወደ ላይ በየአንድ ጣት ልዩነት እወጋ ጀመር። እስከ ጉልበቴ ድረስ ዱቄት ነው። ከጉልበት በላይ ግን ቢላው አልገባም። ደገምኩት፤ በመዶሻ መታሁት። የጤነኛ እንጨት ድምፅ ሰጠኝ።

«አቶ ዳልኬ! የታመመው እግሩ ብቻ ነው። እኛ አገር እንጨት መሬት አናስነካም፤ ድንጋይ ላይ ነው የምናቆመው። እግሩን ቆርጠን ጥርብ ድንጋይ ብናስገባበትስ?»

ሽማግሌው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ፤ መልሰው ሰኩት፤ እንደገና አወረዱት። «ጣሪያዋን ማን ይይዘዋል?»

ያን ቀን ምሳ አስቴር ቁርጥ ጋበዘችን፤ በሶዶ ቁርጥ ያልበላ ሶዶን አየሁ አይልም። ሥጋውን በዳታ እያጠቀስን እኔና አቶ ዳልኬ በተማሪ ደብተር ላይ የድጋፍ ዓይነት እንስላለን። የሥጋው ደም ንድፉ ላይ ተንጠባጠበ። ቅቤ ከጠጣው ወረቀቴ ቀጥሎ ይሄ ሁለተኛው ነው።

እሑድ ከቅዳሴም ከአምልኮም መልስ ሰው ተሰበሰበ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም እዚህ አንድ እድር ናቸው፤ ስብሰባው ሲከፈት ሁሉም ቆሞ በልቡ የየራሱን ጸሎት አደረሰ። ወንዱና ሴቱ ተደባልቆ ተቀምጧል። እትዬ ዘነበች ግን በሩ አጠገብ ፈልገው ተቀመጡ፤ ነጠላቸውም ከአፋቸው አልወረደም።

ታምራት ምሰሶውን ይዞ ጉዳዩን አቀረበ። ንግግሩ ወላይትኛ ነው፤ አስቴር በጆሮዬ ትተረጉማለች። ወጣቶቹ አጨበጨቡለት። ከእሱ ቀጥሎ ሴቶችም ወንዶችም በየተራ ምሰሶውን እየያዙ ተናገሩ። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። የታመመውን እንጨት ያዝኩና የድንጋዩን ነገር በአማርኛ አስረዳሁ። አንድ ሰው ተነስቶ መሀሉ ላይ ቆመና ሲፈቀድለት «ቢድንስ ለምን ይድናል? ዘመናዊው አይሻልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ የማውቀው እንዴት እንደሚድን ነው እንጂ ለምን መዳን እንዳለበት አልነበረም። እጄን አነሳሁ።

ከዚያ የሰው ጭንቅላት ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። እትዬ ዘነበች ተነስተዋል። ነጠላቸውን ከአፋቸው አውርደው ትከሻቸው ላይ አጣፉት፤ በወንበሮቹ መሀል አልፈው መጡ። ምሰሶውን በአንድ እጃቸው ነካ አደረጉና ተዉት፤ ከዚያ እንደገና አጥብቀው ያዙት።

«እኔ እንግዳ ነኝ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። «አሥራ አንድ ዓመት የእድር ዳኛ ነኝ። በአገሬ አዳራሽ መድረክ አለ። እዚያ ላይ ሦስት ወንዶች ይቀመጣሉ። እኔ ከኋላ ነኝ። እጄን አውጥቼ አውቃለሁ፤ አያዩኝም። አንድ ጊዜ ተናግሬ አውቃለሁ፤ ‹ማነው ያለው?› አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልተናገርኩም።» ክቡን ዞር ብለው አዩ። «ዛሬ ቋንቋውን ሳልሰማ ሁላችሁንም ሰማኋችሁ። ሴቶቹንም ሰማሁ። መድረክ ስትሠሩ አንዳንዶቻችሁ ከኋላ ትሆናላችሁ። እነማን እንደሚሆኑ አሁኑኑ አስቡ። ሌላ የለኝም።»

አስቴር ልትተረጉም ተነሳች፤ ግን ብዙው ሰው አማርኛ ያውቃልና ሳይጠብቅ ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። ከጥግ አንዲት ሴት «አዬ!» አለች፤ እናቴ ማለት ነው። ሌላዋ ተከተለቻት። ታምራት ራሱ ወደ መሀል መጣና ሳቅ እያለ «እንግዲያው ድንጋዩን እንሞክር። ካልሆነ ወደ እኔ ሐሳብ ትመለሳላችሁ» አለ። እጅ ሲወጣ ቆጠራ አላስፈለገም።

ሰኞ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼም ተደስቼም አላውቅም። ከማለዳ ጀምሮ ሰው የባሕር ዛፍ ግንድ ተሸክሞ ይመጣል። አቶ ዳልኬ ከወጋግራዎቹ ሥር ዙሪያውን ድጋፍ አስቆሙ፤ የእድሩ አባል የሆነ የጭነት መኪና ሾፌር መኪና የሚነሣበት አራት ክሪክ አመጣ። አንድ ግንበኛ ጥርቡን ድንጋይ መሀሉን ቦርቡሮ ፌሮ ብረት ተክሎበታል። እኔ ቱምቢዬን ከላይ አንጠልጥዬ ምሰሶው እንዳይዘምብን እጠብቃለሁ።

ሠራተኛ ያልሆነ ሁሉ ውጡ ተባለ። እትዬ ዘነበች አልወጡም።

«እትዬ፣ ይውጡ እንጂ!» አልኳቸው።

«አንቺ እዚህ አይደለሽም?»

«እኔ ሥራዬ ነው።»

«ይሄን ደግሞ የኔ አፍ ነው ያመጣው» አሉና መደቡ ላይ ተቀመጡ።

ክሪኮቹ እኩል እንዲዞሩ አቶ ዳልኬ ይቆጥራሉ። ጣሪያው አቃሰተ። የዓመታት አቧራ ከቀርከሃው ላይ ወረደብን። መጋዙ ግራና ቀኝ ሲሄድ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ድጋፍ መሬት ውስጥ ሰመጠና ቱምቢዬ ሁለት ጣት ያህል ፈቀቅ አለ።

«አቁሙ!» ብዬ ጮኽኩ።

ያንን ድጋፍ የያዙት አራት ሰዎች ትከሻቸውን አስገቡበት። ውጭ የቆመው ታምራት ንጹሕ ሸሚዙን እንደለበሰ ሮጦ ገብቶ አምስተኛ ሆነ። አንድ ሰው ሳንቃ ከሥሩ ወሸቀ። ቱምቢው ቀስ ብሎ ተመለሰ። አቶ ዳልኬ ዓይን ዓይኔን አዩኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩላቸው፤ መጋዙ ቀጠለ።

የበሰበሰው ጉማጅ ሲወጣ በእጅ ፈረሰ። ጉድጓዱን በጠጠር ሞልተን ደልድለን ድንጋዩን በውሃ ልክ አስቀመጥነው። ክሪኮቹ ወረዱ። ምሰሶው ፌሮው ላይ ሲቀመጥ ትልቅ ሰው ደክሞት ወንበር ላይ ሲያርፍ የሚያወጣውን ዓይነት ድምፅ አወጣ። ድጋፎቹን አንድ በአንድ አነሳን። የመጨረሻው ሲነሳ አቶ ዳልኬ ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ ለጠፉ፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ቆመው «ቆሟል» አሉ።

እልልታው እስከ መንገዱ ተሰማ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ታምራት ቀይ ጭቃ የሆነ ሸሚዙን እያሳየኝ «መምህርት፣ ለሚስቴ ማን መልስ ይሰጥልኛል?» አለኝ።

ማክሰኞ ስንነሳ አቶ ዳልኬ ለእኔ የመጋዛቸውን ቁራጭ ብረት ሰጡኝ፤ ለእትዬ ዘነበች ደግሞ አንድ ቅል ሙሉ ዳታ። እትዬ ዘነበች ከሶዶ እስከ አዲስ አበባ ቅሉን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተጓዙ። ረቡዕ ደብረ ብርሃን ስንደርስ የወንዶቹ እድር ዳኛ መንገድ ላይ አገኙንና «እንዴት ነው፣ የክፍሏን ቁልፍ ላምጣላችሁ?» አሉ።

«ይቆይልዎ» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኛ ብንወስዳት ድስታችሁን የት ታስቀምጡ ነበር?»

ንድፉን በጊዜው አቅርበን ክቡን ቤት ሠራነው። ከሶዶው ያነሰ ነው፤ ግድግዳው የአገራችን ድንጋይ ነው፤ ምሰሶው ከመጀመሪያውም ድንጋይ ላይ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው «ጎተራ» እያለ ሲስቅብን ከረመ።

በመጀመሪያው ስብሰባ ቀን አንዲት ብርቱካን የምትባል ልብስ አጣቢ ዘግይታ መጣች። ዓይን አፋር ናት፤ ባዋጣችባቸው ዓመታት ሁሉ ድምፅዋን የሰማ የለም። በሩ ላይ ቆማ ከኋላ ያለውን ቦታ በዓይኗ ፈለገች። አጣችው። ግድግዳውን ተከትላ በሴቶቹ ጀርባ መዞር ጀመረች፤ ዞራ ዞራ ተመልሳ በሩ ላይ ደረሰች። ሁላችንም እያየናት ነበር። ግራ ገብቷት ቆመች፤ ከዚያ ራሷ ቀድማን ሳቀች፤ ከእትዬ ዘነበች አጠገብም ተቀመጠች።